ያውቁ ኖሯል? የቺካጎ የእንጀራ ልጅ

ቺካጎ ሁለት ትልልቅ የቤዝቦል ቡድኖች አሏት፤ በሰሜን ካብስ፣ በደቡብ ዋይት ሶክስ። አንዱ የቤት ልጅ ነው፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ። የደቡቡን ደጋፊ ጠጋ ብለው ቢጠይቁት ጋዜጣውም፣ ሬዲዮኑም፣ ካሜራውም የነዚያ ነው እያለ ያማርርልዎታል። እንዲህ ያለ እሮሮ ለጊዮርጊስና ለቡና ደጋፊ አዲስ አይደለም። የቺካጎው የሚለየው አቤቱታውን የሚደግፍ የሽያጭ ውል ስላለው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ሜይ 8 ቀን 2025 ሮበርት ፕሪቮስት ሊዮ 14ኛ ተብለው የመጀመሪያው አሜሪካዊ የሮማ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ፣ የቺካጎ ልጅ መሆናቸው በተነገረ በሰዓታት ውስጥ “የካብስ ደጋፊ ናቸው” የሚል ወሬ በዜና ማሰራጫው ተዛመተ። ካብስም ጊዜ አላጠፋ፤ ሪግሊ ፊልድ በር ላይ ያለውን ዝነኛ ቀይ ሰሌዳ አብርቶ ለመንገደኛው ሁሉ አበሰረ። ከዚያ አንድ የቺካጎ ቴሌቪዥን ጣቢያ ወንድማቸውን አገኘ። ወንድምየው ካብስን ደግፈው አያውቁም፣ ምንጊዜም የሶክስ ናቸው ብሎ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። ጣቢያው ደብልዩ ጂ ኤን ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ ወደ ታች ደጋግሞ ይመጣል።

ጳጳሱ በ2005 የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ፣ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በደቡቡ ስታዲየም ተቀምጠው በቴሌቪዥን ታይተዋል። ያኔ ማንም ልብ አላላቸውም፤ ምስሉ ከ20 ዓመት በኋላ ከማኅደር ተፈልጎ ወጣ። ዋይት ሶክስ ዛሬ በዚያ ወንበር አቅራቢያ ባለ ምሰሶ ላይ ሥዕላቸውን አሥሎበታል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለቱም ቡድኖች ስማቸውን ያገኙት ከጋዜጠኛ ብዕር ነው። በ1902 ዴይሊ ኒውስ የሰሜኑን ቡድን በወጣት ተጫዋቾቹ ምክንያት “ግልገሎች” ብሎ ጠራው፤ ካብስ ማለት ያ ነው። የደቡቡ “ዋይት ስቶኪንግስ” ሲባል፣ ረጅም ካልሲ በጋዜጣ ርዕስ ውስጥ አልገባ ስላለ የስፖርት ገጽ አዘጋጆች አሳጥረው ሶክስ አሉት።

ደግሞ “ዋይት ስቶኪንግስ” መጀመሪያ የካብስ ስም ነበር። የሰሜኖቹ ሲተዉት የደቡቡ አንሥቶ ለበሰው። ከመነሻው የታላቅ ወንድም ልብስ!

ቻርልስ ኮሚስኪ ቡድኑን በ1900 ከሴንት ፖል ከተማ ሲያመጣ፣ ነባሩ ክለብ ከ35ኛ ጎዳና ወደ ሰሜን እንዳታልፍ፣ “ቺካጎ” የሚለውንም ስም እንዳትጠቀም ብሎ ከልክሎት ነበር። ጋዜጦቹ ግን ከከተማው ስም ውጭ ምን ብለው ይጥሩት? ክልከላው አልቆየም። 35ኛ ጎዳና ግን ቀረች፤ የሶክስ አድራሻ ዛሬም እሷው ናት።

ሁለቱ ለዋንጫ ፊት ለፊት የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1906። ካብስ 116 አሸንፎ 36 ብቻ ተሸንፎ መጣ። ዋይት ሶክስ ኳስ በመምታት ከሊጉ ስምንት ቡድኖች መጨረሻ ነበር፤ ጋዜጦቹም “መምታት የማያውቁ ጉዶች” የሚል ስም አወጡለት። አራት ለሁለት አሸነፈ። ማን? ጉዶቹ።

ያውቁ ኖሯል? በ1919 የሶክስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ወርልድ ሲሪሱን ሸጡ ተብሎ ጥርጣሬው ሲናፈስ፣ አደባባይ ካወጡት ቀዳሚው የቺካጎው ጋዜጠኛ ሂዩ ፉለርተን ነው። ሃተታው ታትሞ የወጣው ግን በኒውዮርክ ጋዜጣ ነበር። በ1921 የቺካጎ ችሎት የተከሰሱትን ተጫዋቾች ነጻ አላቸው፤ የሊጉ ኮሚሽነር ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ በማግስቱ ስምንት ተጫዋቾችን ዕድሜ ልካቸውን ከጨዋታው አገዳቸው።

የፊልሙን ነገር እንኳ እዩት። በ1986 “ፌሪስ ቡለርስ ዴይ ኦፍ” ላይ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ፀሐያማ ከሰዓቱን የሚያሳልፈው የት ነው? ሪግሊ ፊልድ። ሶክስስ? “ኤይት ሜን አውት” በ1988፣ “ፊልድ ኦፍ ድሪምስ” በ1989፤ ሁለቱም የታገዱትን ሰዎች ታሪክ ያነሣሉ። ለአንዱ ሽርሽር፣ ለሌላው የክስ መዝገብ።

በ1920ዎቹ ብዙ የቡድን ባለቤቶች ሬዲዮን እንደ ሌባ ነበር የሚያዩት፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከሰማ ማን ትኬት ይገዛል ብለው። የማስቲካው ነጋዴና የካብስ ጌታ ዊልያም ሪግሊ ግን ለጣቢያዎች በሩን ከፈተ። ማስቲካ የሚሸጥ ሰው ነጻ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ ያውቃል። አገልግሎቱ ሳያስከፍል በአካባቢው ገጠር ሁሉ የካብስን ስም ዘራ።

ያውቁ ኖሯል? የሊጎቹ ከዋክብት የሚገጥሙበት የኦል ስታር ጨዋታ የቺካጎው ጋዜጣ የትሪቡን የስፖርት አዘጋጅ የአርክ ዋርድ ሐሳብ ነው። በ1933 የመጀመሪያው ሲዘጋጅ በየትኛው ሜዳ ይሁን ተባለ። ሳንቲም ተወረወረ፤ ለሶክስ ሜዳ ለኮሚስኪ ፓርክ ደረሰው። ቤብ ሩት በታሪኩ የመጀመሪያውን የኦል ስታር ሆም ረን የመታው በደቡቡ ሰፈር ነው፤ በሳንቲም ዕጣ።

እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ሌላ የከዋክብት ጨዋታ ተጀመረ፤ ከነጮቹ ሊግ የተከለከሉት ጥቁር ተጫዋቾች የምሥራቅና ምዕራብ ግጥሚያ። ተጫዋቾቹ የሚመረጡት እንደ ቺካጎ ዲፌንደር ባሉ የጥቁሮች ጋዜጦች አንባቢዎች ድምፅ ነበር። በ1943 ከ51,000 በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። ከአንዳንድ ከተሞች አምሮ ለብሶ በባቡር የሚመጣ ሰው ነበር፤ ወንዱ ባርኔጣ አድርጎ፣ ሴቷ የክት ቀሚሷን ለብሳ። ነጮቹ ጋዜጦች ግን ቢጽፉለትም በጣት የምትሸፈን ያህል ነበር። ስለ መገናኛ ብዙኃን አድልዎ ካወራን፣ የካብስና የሶክስ ጭቅጭቅ ከዚህኛው አጠገብ የልጆች ጨዋታ ይመስለኛል።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1959 ምሽት የቺካጎ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ሶቪየቶች መጡ ብሎ ልጆቹን አንሥቶ ወደ ምድር ቤት የሮጠ ብዙ ነው። ነገሩ ሌላ ኖሯል። ዋይት ሶክስ ከ40 ዓመት በኋላ የሊግ ዋንጫ ስላሸነፈ የእሳት አደጋ ኮሚሽነሩ ደስታውን በሳይረን ገለጠው። ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ራሳቸው የደቡቡ ሰፈር ልጅና የሶክስ ደጋፊ ነበሩ። የከተማው ግማሽ ጨዋታውን ቢከታተል ኖሮ ሳይረኑ አያስደነግጠውም ነበር ብል ግፍ ይሆንብኝ ይሆን?

ያውቁ ኖሯል? በተጫዋች ማሊያ ጀርባ ላይ ስም መጻፍ በቤዝቦል የተጀመረው በ1960 በዋይት ሶክስ ነው። ባለቤቱ ቢል ቪክ ያሰበው ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። ከ1948 እስከ 1967 ሁለቱም ቡድኖች የሚታዩት በአንድ ጣቢያ፣ በደብልዩ ጂ ኤን 9ኛ ቻናል፣ በአብዛኛውም በአንድ ሰው፣ በጃክ ብሪክሃውስ አንደበት ነበር። አንዱ ከከተማ ሲወጣ ሌላው ሜዳው ላይ ስለሚሆን የሰፈሩ ልጅ ሁለቱንም እያየ አደገ። ይህን ማን አፈረሰው? ደጋፊው የጣቢያው ባለቤት ትሪቡን ነው ይላል። አይደለም። ያፈረሰው የሶክስ ባለቤት አርተር አሊን ነው። በ1968 የተሻለ ክፍያ አገኘሁ ብሎ ቡድኑን ወደ 32ኛ ቻናል ወሰደው።

32ኛ ቻናልን ማግኘት ምን ይመስል እንደነበር ላሳይዎ። የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ሁለት ማዞሪያ አለው። ላይኛው ከ2 እስከ 13 ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየቁጥሩ ይቆማል። ታችኛው እንደ ሬዲዮ መርፌ ያለ ማቆሚያ ይንሸራተታል፤ በፀጉር ውፍረት ካለፉት በረዶ ብቻ ነው። አንቴናውም ሌላ፣ ቀለበት የሚመስል ሽቦ ነው። ይህን ሁለተኛ ማዞሪያ ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲገጥሙ የተገደዱት ከ1964 ጀምሮ ስለሆነ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጨርሶ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ “አሁንስ?” ብሎ የጮኸ፣ ከታች “ጠፋ! ትንሽ መልሰው!” የተባለ የኢቲቪ ዘመን ልጅ የደቡብ ቺካጎ አባወራን ጭንቅ ያለ አስተርጓሚ ይረዳል።

በ1967 እስከ መጨረሻው ሳምንት ለዋንጫ ሲፎካከር የነበረው ቡድን የ1968ቱን ውድድር በአሥር ተከታታይ ሽንፈት ጀመረ፤ እሱንም ያየው ጥቂት ነው። በ1970 ዓመቱን ሙሉ ኮሚስኪ ፓርክ የገባው ሰው 495,355 ነበር። ከዓመት በፊት ካብስ ጋ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ገብቷል።

ለነገሩ 32ኛ ቻናል የማን ነበር? የሰን ታይምስና የዴይሊ ኒውስ አሳታሚ የሆነው የፊልድ ኩባንያ፤ የትሪቡን ዋነኛ ተቀናቃኝ። ሶክስ ተቀናቃኙ ቤት ገብቶም አልተጠቀመ።

ያውቁ ኖሯል? በ1971 ዋይት ሶክስን የሚያስተላልፍ ትልቅ የቺካጎ ሬዲዮ ጠፍቶ ጨዋታው የሚሰማው ከከተማው ዳር ባሉ ደካማ ጣቢያዎች፣ ከላግሬንጅና ከኤቫንስተን ነበር። አስተላላፊው ማን መሰለዎት? ሃሪ ካሬይ፤ በአሜሪካ ከሚታወቁት ድምፆች አንዱ። ተመልካች በጨመረ ቁጥር ጉርሻ የሚከፈለው ውል ፈርሞ መጣ። በዚያው ዓመት የገባው ሰው ከ833,000 አለፈ።

አሁን ደግሞ የሚቆጨው። ዛሬ ሪግሊ ፊልድ የሄደ ሁሉ በሰባተኛው ዙር መሐል ተነሥቶ የኳስ ሜዳውን መዝሙር ይዘምራል፤ ዝነኛ ሰው ይጋበዛል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ የካብስ ባህል ነው ይባላል። የተጀመረው ግን ኮሚስኪ ፓርክ ነው፤ በ1976። ካሬይ በማስተላለፊያ ክፍሉ ለራሱ ሲያንጎራጉር ዳግም ባለቤት የሆነው ቢል ቪክ ሰምቶት ማይክሮፎኑን ለሕዝቡ ከፈተበት። በ1982 ካሬይ ወደ ካብስ ሲሄድ ዘፈኑን ይዞት ሄደ። ሰውየውም ዘፈኑም ተወሰደ። ሐውልቱም የቆመው ሰሜን ነው።

ጁላይ 12 ቀን 1979። የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዲጄ የዲስኮ ሸክላዎችን ኮሚስኪ ፓርክ መሐል አፈነዳ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፣ ሣሩ ተቃጠለ፣ የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታ ለዲትሮይት በፎርፌ ተሰጠ። የዚያን ዓመት የሶክስን አንድ ተጫዋች የማያውቅ አሜሪካዊ ይቺን ምሽት ያውቃታል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ዓመት፣ በ1981፣ በተቀራራቢ ዋጋ ተሸጡ። ዋይት ሶክስን ጄሪ ራይንስዶርፍና ኤዲ አይንሆርን የሚመሩት የባለሀብቶች ስብስብ ገዛው። ካብስን በ20.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ግን ሰው አይደለም፤ ትሪቡን ካምፓኒ ነው። ማለትም የከተማው ትልቁ ጋዜጣ፣ ትልቅ ሬዲዮና 9ኛው ቻናል ባለቤት። የደቡቡ ደጋፊ የሚጠቅሰው ውል ይኸው ነው። ጋዜጣው ስለ ካብስ ሲጽፍ ስለ ራሱ ንብረት ይጽፋል፤ ሬዲዮኑ ካብስን ሲያስተላልፍ ገንዘቡ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ይገባል። ደብልዩ ጂ ኤን የሚሉት ሦስት ፊደላት ራሳቸው ትሪቡን ለራሱ ያወጣው መፈክር ምሕጻር ናቸው፤ “የዓለም ታላቁ ጋዜጣ”። ትሕትና የሚሉት ነገር ከዚያ ቤት አልተወለደም።

የትሪቡን ዘጋቢዎች “ማንም ይህን ጻፍ ብሎን አያውቅም” ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ። አድልዎ ትእዛዝ አይፈልግም። ካብስ ሲሸነፍ ገጽ አንድ ላይ ይጻፋል፣ ሶክስ ሲያሸንፍ ገጽ አራት ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ አንድም ውሸት የለበትም። ገጹን ማን ቆጠረ? ደጋፊው ነው የቆጠረው። ጠዋት ቡናውን ይዞ፣ በጣቱ።

9ኛው ቻናል ከ1978 ጀምሮ በሳተላይት መላ አሜሪካን ያዳርስ ነበር። ሪግሊ ፊልድ ደግሞ መብራት አልነበረውም፤ የያኔው የካብስ ባለቤት ፊሊፕ ሪግሊ ለመብራት የገዛውን ብረት ከፐርል ሃርበር ጥቃት ማግስት ለጦርነቱ ሰጥቶት ቀረ። ስለዚህ ካብስ በሜዳው የሚጫወተው ሁሌም ቀን ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ደብተሩን ይወረውራል፣ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ ካብስ አለ፤ ከሞንታና እስከ ፍሎሪዳ። ሌላ ምን ያያል? የመጀመሪያው የማታ ጨዋታ ኦገስት 8 ቀን 1988 ተጀምሮ ሳለ ዝናብ አቋረጠው፤ በማግስቱ ተጫወቱ።

ካብስ በሳተላይት አገሩን ሲያዳርስ ሶክስ ምን ያደርግ ነበር? ራሱን ይደብቅ ነበር። አይንሆርን በ1982 ስፖርትስቪዥን የሚባል የክፍያ ቻናል ከፈተ፤ በወር 22 ዶላር ገደማ፣ ምስሉን የሚፈታ ሣጥን ጭምር። የካብስ በነጻ፣ የሶክስ በኪራይ። ሃሪ ካሬይ የሄደውም በዚህ ነው፤ ሕዝብ የለመደ ድምፅ ለጥቂት ሺህ ቤት አይጮህም። በ1983 ዋይት ሶክስ 99 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን ሲመራ አብዛኛው ከተማ በውጤት ሰሌዳ ነው የተከታተለው። እኔን የሚገርመኝ በካርታ ጨዋታ ላይ የያዘውን ጆከር ራሱ የጣለ ሰው፣ ሌላው አጭበረበረኝ ብሎ መጮኹ ነው። ትሪቡን በር ዘግቶበት ከሆነ ቁልፉን ያቀበለው ሶክስ ነው።

ጁን 30 ቀን 1988 ዋይት ሶክስ ለጥቂት ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድ ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ስታዲየም እየሠራለት፣ ስሙ የታተመበት ቲሸርት ተዘጋጅቶለት ነበር። የኢሊኖይ ምክር ቤት የስታዲየሙን ሕግ ከእኩለ ሌሊት በፊት ማጽደቅ ነበረበት፤ አልደረሰም። እና ምን ተደረገ? በመዝገብ ላይ ሰዓቱ ቆመ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ወዲያ የጸደቀው ሕግ 11:59 ላይ ጸደቀ ተብሎ ተጻፈ። ገዥው ጄምስ ቶምሰን ከእንደራሴ እንደራሴ እየዞሩ ለምነው ያገኙት ድል ነው።

አዲሱ ስታዲየም በ1991 ተከፈተ። በዓመቱ ባልቲሞር ጥንታዊ መልክ ያለውን ካምደን ያርድስን ከፈተችና የስፖርት ጸሐፊው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የቺካጎው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ አሮጌ ሆነ።

በሁለት ቡድን ከተማ “ሁለተኛ” መሆን ቀልድ አይደለም። ቦስተን ብሬቭስ በ1953፣ የሴንት ሉዊሱ ብራውንስ በ1954፣ የፊላዴልፊያው አትሌቲክስ በ1955 ሌላ ከተማ ገብተው ተገኙ። ብራውንስማ ስታዲየሙ የራሱ ነበር፤ ተወዳጁ ካርዲናልስ ተከራይ ነበር። አከራይ ተሰደደ፣ ተከራይ ቤቱን ወረሰ። ዋይት ሶክስ እስከዛሬ ቺካጎ መኖሩ ራሱ ዋንጫ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ማይክል ጆርዳን ሪግሊ ፊልድ ላይ የተጫወተው የሶክስን ማሊያ ለብሶ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 1994፣ ከካብስ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ሁለት ኳስ መታ፤ ስድስት ለስድስት ተለያዩ። ለአንድ ከሰዓት የሰሜኑ ሕዝብ ለደቡቡ ተጫዋች አጨበጨበ።

የሶክስ ጥቁርና ብርማ ኮፍያ ዓለምን የዞረው በስፖርት ዜና አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ድሬን የመሳሰሉ የሎስ አንጀለስ ራፐሮች አናታቸው ላይ ደፍተውት በሙዚቃ ቪዲዮ ዞረ። ስንቱ ከሳልባጅ ተራ መርጦ ያደረገው ኮፍያ የቺካጎ ቤዝቦል ቡድን መሆኑን ሳያውቅ አርጅቶበታል።

ሰሜኑን ከደቡቡ የሚያገናኘው አንድ ባቡር ነው፤ ሬድ ላይን። አዲሰን ጣቢያ ሲደርሱ ሐዲዱ ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ሪግሊ ፊልድን በመስኮት ያዩታል፤ ሲወርዱ መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ተጉዘው ሶክስ 35ኛ ጣቢያ ሲወርዱ በግራና በቀኝ አውራ ጎዳና ያገሳል፤ ድልድዩን ተሻግረው የሚያገኙት የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ነው። ጋዜጠኛም ሰው ነው፣ ከሥራ በኋላ ቢራ ያምረዋል። የቺካጎ ሐበሾችም ብዙዎቹ ከአዲሰን ጥቂት ጣቢያ በላይ ባለው በኤጅዋተርና አካባቢው ሰፍረዋል፤ የጾም በያይነቱ የሚሸትባት ብሮድዌይ እዚያው ናት። በጨዋታ ቀን ታክሲ የሚነዳ ወገን ካብስን ባይወድ እንኳ የሪግሊን የትራፊክ መጨናነቅ በቃሉ ያውቀዋል።

2005ን ዘልዬ ብሄድ ሶክሶች አይምሩኝም። 99 ድል፤ ከዚያ በጥሎ ማለፉ 11 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ፤ ሂውስተንን አራት ለባዶ ጠርጎ ዋንጫውን ከ88 ዓመት በኋላ ወሰደ። አሠልጣኙ ኦዚ ጊየን ቬኔዙዌላዊ ነው፤ በላቲን አሜሪካ ተወልዶ ወርልድ ሲሪስን በአሠልጣኝነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው።

88 ዓመት የሚለውን ቁጥር ልብ ይበሉ። ቦስተን ከዓመት በፊት ዋንጫ ሲያነሣ የጠበቀው 86 ዓመት ነበር፤ መጻሕፍት ተጻፉ፣ እርግማኑ ተፈታ ተብሎ አሜሪካ አለቀሰች። ካብስም የፍየል እርግማን ነበረው፤ በ1945 ከነፍየሉ ስታዲየም እንዳይቆይ የተባረረ የመጠጥ ቤት ባለቤት ረገመው ይባላል፤ አምደኛው ማይክ ሮይኮን የመሰለ ብዕር ዓመት ቆጥሮ ያነሣው ነበር። ሶክስ ከቦስተን ሁለት ዓመት በላይ ጠብቆ ፍየል የለው፣ እርግማን የለው። ምስኪን ቡድን፤ ተረት ቢኖረው ኖሮ! የዚያ ወርልድ ሲሪስ የቴሌቪዥን ተመልካች ቁጥርም እስከዚያን ጊዜ ከታዩት ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ።

በዚያው በሻምፒዮንነቱ ዓመት ዋይት ሶክስ ጋ 2.34 ሚሊዮን ሰው ገባ። 83 ጊዜ የተሸነፈው ካብስ ጋስ? ወደ 3.1 ሚሊዮን።

ጊየን ከጋዜጠኛ ጋር የከፋ ጠብ ውስጥ የገባው በ2006 ነው፤ በአንድ አምደኛ ላይ በሰነዘረው ጸያፍ ስድብ ተቀጥቶ ሥነ ምግባር እንዲማር ታዘዘ። አምደኛው የትሪቡን አልነበረም፤ የሰን ታይምስ ነው።

ባራክ ኦባማ የሶክስ ደጋፊ ናቸው። በ2009 የኦል ስታር ጨዋታን የመክፈቻ ኳስ የወረወሩት የሶክስን ጃኬት ለብሰው ነው። በዓመቱ ዋሽንግተን ላይ የሶክስ ኮፍያ ካደረጉ በኋላ ኮሚስኪ የሚለውን ስም “ኮሚንስኪ” ብለው አበላሹት፤ ጋዜጠኛው ይህችን አላለፋትም።

ትሪቡን በ2008 መጨረሻ ኪሳራ አውጆ ካብስን በ2009 ለሪኬትስ ቤተሰብ ሸጠ፤ ዋጋው ወደ 845 ሚሊዮን ዶላር፣ በ20.5 ሚሊዮን የተገዛው። ጋዜጣው ሲያረጅ ቡድኑ አተረፈ። አድልዎውስ ቆመ? በ2016 ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሣ፣ በዚያው ዓመት የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን የቺካጎን ሻምፒዮናዎች በሰንጠረዥ ሲያሳይ 2005ን ረሳው። ኢኤስፒኤን ካብስን ገዝቶ አያውቅም። ከባለቤትነት የበለጠ ጉልበት ያለው ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ያውቁ ኖሯል? ያ የካብስ ቤት የነበረው ደብልዩ ጂ ኤን ሬዲዮ ከ2018 እስከ 2020 የዋይት ሶክስ ሬዲዮ ነበር። ዕድሜ ይስጥ ነው።

በ2024 መጨረሻ ሶክስ አዲስ ቴሌቪዥን ቻናል ይዞ መጣ፤ ከትልቁ የኬብል ኩባንያ ጋር ግን ወዲያው አልተስማማም። በነጻ ማየት የፈለገ ምን ያድርግ? አንቴና ይግዛ ተባለ። ከ1968 ወዲህ 56 ዓመት ዞሮ ዞሮ እዚያው ጣሪያ ላይ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የ2024 ሴፕቴምበር ነው። ዋይት ሶክስ 120 ጊዜ ተሸንፎ የ1962ቱን የኒውዮርክ ሜትስ የሽንፈት ክብረ ወሰን ተጋርቷል፤ አንድ ቢጨምር በዘመናዊ ቤዝቦል ታሪክ የከፋው ቡድን ይሆናል። ስንት ዓመት ያልመጡት ካሜራዎች ከየአገሩ ግልብጥ ብለው መጡ። የራሱ ደጋፊ ሳይቀር ታሪክ ለማየት ትኬት ቆርጦ ባለቤቱን “ቡድኑን ሽጠው!” እያለ በኅብረት ጮኸ። ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ሦስት ቀን፣ ሦስት ጨዋታ። ዋይት ሶክስ ሦስቱንም አሸነፈ። 121ኛውን የተሸነፈው በማግስቱ ዲትሮይት ሄዶ ነው።